ቅሉን የሰሙ ፍየሎች

አንድ አገር ነበር። ስሙን አልነግርሽም፤ ብነግርሽም ሰው ፊት አትጠሪውም። ዝም ብለሽ «ያ አገር» ብለሽ ጻፊው፣ ይበቃዋል።

በዚያ አገር ነገር ሁሉ በሥርዓት ነው። ማስነጠስ እንኳ ሥርዓት አለው፤ ሰው ሹም ፊት ካስነጠሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አየሩን ሦስት ጊዜ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ግድግዳ በሌለበትስ? ግድግዳ በሌለበት ማንም አያስነጥስም። እንዲህ ያለ አገር ነው እንግዲህ። ከሥርዓቱ ሁሉ ትልቁ ግን የድልድዩ ነበር። አገሩን ለሁለት የሚከፍል ገደል አለ፤ ገደሉ ላይ አንድ ድልድይ አለ። ከወዲህ ገበሬው፣ አሸዋ ቆፋሪው፣ ምንም የሌለው። ከወዲያ የሙያ ቤቶቹ፤ የሐኪም ቤት፣ የግንበኛ ቤት፣ የዳኛ ቤት፣ የውሃ ቤት። ወጣት የሆነ ሁሉ በዕድሜው አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ይፈተናል። ያለፈ ይሻገራል። የወደቀ ዕድሜውን ሙሉ ቀን ቀን አሸዋ ጉድጓድ ይወርዳል፣ በዚያው ያረጃል። አንድ ሰው «ሁለተኛ መሞከር ለምን አይቻልም?» ብሎ ጠይቆ ነበር አሉ። «ድልድዩ ይደክመዋል» ብለው መለሱለት።

ታዲያ በዚያ አገር ደብሪቱ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። መንደሯ ከጥልቅ ሸለቆ ሥር ነው። ፀሐይ ረፋድ ላይ ሸለቆው ውስጥ ብቅ ትላለች፣ ገና ሞቅ ሳይል ጥላው ትሄዳለች። ንፋስ ጭራሽ አይገባም፤ ያጠቡት ልብስ ሁለት ቀን ተሰጥቶም እርጥብ ነው። የመንደሩ ዋና ክፋት ግን ውሃው ነበር። ለዓይን ኩልል ያለ ነው፣ ታዲያ ጥርስ ያበልዛል፤ ሲሰነብት ደግሞ አጥንት ያጎብጣል። ሌላ ውሃ የለም። የደብሪቱ እናት ላቀች አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላት ከወገቧ ታጥፋ ቀረች። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላት ፊቱን ማየት ስለማትችል ጫማውን አይታ ነው «እንደምን ዋልክ እገሌ» የምትለው።

ስለዚህ ደብሪቱ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተሻግራ የውሃ ቤት መግባት።

ይሄን ሐሳብ የተከሉባት መምህር ቢራራ ናቸው። አንድ እግራቸው አጠር ያለ፣ ጥቁር አለት ላይ በነጭ ድንጋይ እየጻፉ የሚያስተምሩ ሰው። አሥራ አንድ ተማሪ ነበራቸው። አንድ ቀን ደብሪቱን ነጥለው፦

«ስሚኝ ደብሬ፣ ይሄ ውሃ መድኃኒት አለው» አሏት። «አጥንት ታቃጥያለሽ። ከሰሉን ፈጭተሽ ውሃውን በሱ ላይ ታሳልፊዋለሽ። መርዙን ከሰሉ ይይዘዋል።»

«ታዲያ ለምን አናደርገውም፣ ጋሼ?»

«ምን ያህል እንደሚቃጠል አላውቅማ። ጥቂት ከተቃጠለ ውሃው ይገማል፣ አፍ አይገባም። ብዙ ከተቃጠለ ነጭ አመድ ይሆናል፣ ምንም አይዝም። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። መሐሉን የሚያውቁት የውሃ ቤት ሰዎች ናቸው። እኔ እግሬ አልሆነልኝም። አንቺ ሂጂና ጠይቂልኝ።»

ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም።

እንዲህ ሆነው ሳለ ቅሎቹ መጡ።

በበቅሎ ተጭነው ነው የመጡት። የመንደሩ ጭቃ ሹም ቢተው ነጋሪት አስመቱ፤ ከዚያ በርጩማ ላይ ወጡ፣ አዋጅ ከላይ ወደ ታች መውረድ አለበትና። «ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «የአገሩ ልጅ ሁሉ የሚማረው ከሚናገር ቅል ነው። ቅሉ ከባሕር ማዶ የተሠራ ነው። አርባ ትምህርት በሆዱ ይዟል። አንገቱ ላይ አርባ ነጭ ዶቃ አለ፤ አንድ ትምህርት ተናግሮ በጨረሰ ቁጥር አንዱ ዶቃ ይቀላል። አርባው ያልቀላለት ተማሪ ድልድዩ አጠገብ አይቆምም!»

ቅሉ የራሱ ሕግ አለው። አንድ ቅል ለአንድ ጆሮ ነው፤ ሁለት ሰው ተጠግቶ ቢሰማ ሁለቱም ይቀማሉ። ቅል የተናገረውን አይደግምም፤ መድገም ብክነት ነው ይላል አዋጁ። ደግሞ ቅሉን ከመክፈቱ በፊት ተማሪው አራት መቶውን አንቀጽ ሰምቶ «ተቀብያለሁ» ማለት አለበት። አራት መቶውን የሚያነብ ሰው ስላልተላከ ግን «ተቀብያለሁ»ው ብቻውን ይበቃል ተባለ።

አሥራ አንዱም ተሰልፈው «ተቀብያለሁ» አሉ። ከነሱ መሐል አንጓች የምትባል የደብሪቱ ጓደኛ ነበረች፤ ከተማ ሹም ቤት ሁለት ዓመት ሠራተኛ ሆና የተመለሰች፣ አፏ ዝም የማይል።

«ጭቃ ሹም፣ ምኑን ነው የተቀበልነው?»

«የተቀበላችሁትን!»

«እንዲህ ከሆነስ ጥሩ ነው፤ የማልቀበለውን ተቀብዬ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር።»

ቅሉን ከፈቱት። ዝም። ነቀነቁት። ዝም። ጭቃ ሹም ቢተው ጆሯቸውን አስጠግተው ቆዩና «እያሰበ ነው» አሉ። ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው ቀን «አክብሮት አንሶት ነው» ብለው መንደሩን በሙሉ እጅ አስነሱት። አሁንም ዝም። በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠው። ቅሉ የሚናገረው ፀሐይ ሲጠጣና ንፋስ ሲያገኝ ነው። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ፀሐዩ ለአፍታ ነው፣ ንፋሱ ጭራሽ የለም። ቅሉን የሠሩት ሰዎች ንፋስ የሌለበት አገር ይኖራል ብለው አላሰቡም፤ ቅሉን ያመጡት ሰዎች ደግሞ ሊነግሯቸው አፈሩ።

ሸንተረሩ አናት ላይ ግን ንፋስ አለ። መውጫው ግማሽ ቀን ነው፣ መውረጃው ግማሽ ቀን። ደብሪቱ አንድ ቀን ከትምህርት ቀርታ ብቻዋን ወጣች። እውነትም ቅሉ ነቃ፣ አንገቱን እንደ መጥረግ አለና መናገር ጀመረ። ግን የሚናገረው የቤተ መንግሥት ቋንቋ ነው፣ ያውም እየሮጠ። እሷ ከመምህሯ የተማረቻት ጥቂት ቃል አለች፤ በዚያች እየቆነጠረች አደመጠች። የመጀመሪያው ትምህርት «ጫማ ላይ የተጋገረ በረዶ እንዴት ይራገፋል» የሚል ነበር። አንድ ዶቃ ቀላ። ወረደች።

«ምን ተማርሽ?» አሉ መምህር ቢራራ።

«በረዶ ማራገፍ።»

«ጫማ የለሽም እኮ።»

«በረዶም የለንም፣ ጋሼ።»

ሳቁ። ሌሎቹም አንድ አንድ ጊዜ ወጥተው ያንኑ በረዶ ሰምተው ተመለሱ። አንዷን ትምህርት ቀምሰው አርባውንም ፈረዱበት። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ማን ይፈርዳል? ግን ሂሳቡ አልገናኝ አለ። ዶቃው ካልቀላ ድልድዩ የለም። ዶቃውን ለማቅላት አርባ ቀን ሽቅብ ከወጡ ደግሞ አለቱ ሥር የሚሰጠው ትምህርት ይቀራል፤ በዚያ ላይ በየቤቱ ሥራ አለ።

ይሄኔ ነው ደብሪቱ ያቺን ሐሳብ ያመጣችው። ምነው ባላመጣች።

በዚያ መንደር ፍየል እረኛ አያስፈልገውም። ጠዋት ከበረቱ ሲለቁት ብቻውን ሸንተረሩን ይወጣል፣ ቀኑን ሙሉ ቅጠል ሲቀነጥብ ውሎ ማታ ብቻውን ይገባል።

«ጋሼ፣ ሳይቆጡ ይስሙኝ» አለች። «ቅሎቹን በፍየሎቹ አንገት ላይ እንሰርላቸው።»

«ምን?»

«ፀሐዩም ንፋሱም እዚያ ነው። ቅሉ ለፍየሎቹ ይናገር። እኛን እርስዎ ያስተምሩን።»

መምህር ቢራራ ነጩን ድንጋይ አስቀመጡ። «ይሄማ ማታለል ነው፣ ልጄ።»

«ማንን?» አለች አንጓች ከጎን ገብታ። «ቅሉ የሚሰማኝ ሰው ነው ወይ ብሎ አልጠየቀም! አዋጁ ‹ለአንድ ጆሮ› ነው ያለው፣ ፍየል ደግሞ ጆሮ ሞልቷታል።»

«የሚያስቅ ነገር አይደለም።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች ደብሪቱ። «አርባው ካልቀላ ግን አንሻገርም። ካልተሻገርን አጥንቱን ማን ይጠይቅልዎታል?»

ይሄ ነው ያሸነፋቸው። በማግስቱ ጠዋት አሥራ አንዱ ቅል በፍየል አንገት ታስሮ ሽቅብ ወጣ። ፍየሎቹ መጀመሪያ ደንግጠው ነበር፤ በኋላ ለመዱት፣ ትምህርቱን እያዳመጡ ያመነዥካሉ። ታች ደግሞ አለቱ ሥር መምህር ቢራራ እንደ ድሮው ያስተምራሉ። ወር ሳይሞላ የአንዱ አሥር ቀላ፣ የሌላው አሥራ አምስት። ፍየል የበዛለት ቤት በየቀኑ ጠንካራዋን መርጦ ይልካል። የነአንጓች ቤት ያለቻቸው አንዲት አንካሳ ፍየል ናት፤ አንድ ቀን ወጥታ ሁለት ቀን ትተኛለች። የደብሪቱ አርባው ሲቀላ የአንጓች ሠላሳ አንድ ላይ ቀረ።

«ፍየሌ ሰነፍ ተማሪ ሆና ልትጥለኝ ነው» ትላለች አንጓች።

ያ ሁሉ ቀይ ዶቃ እንግዲህ በአገሩ ወሬ ሆነ። ሌላው መንደር ሁለት ሦስት ዶቃ ሲያቀላ ይሄ ንፋስ የማይገባበት ሸለቆ አንደኛ ወጣ። ለምን? ይሄን «ለምን» የሚመረምር ሹም ነበረ ደግሞ፣ ሊቀ ምክንያት መዝገቡ የሚባሉ። ሥራቸው አንድ ነው። በየመንደሩ እየዞሩ ተማሪ ቅሉን የሚወደው ለምን እንደሆነ ማጥናት። የማይወደው ለምን እንደሆነ የሚያጠና ሹም ግን አልተሾመም።

በጥሩ በቅሎ መጡ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፣ ይሄን ጻፊልኝ። ለልጆቹ ቆሎ ይዘው ነበር። አለቱ ሥር አምስት ቅርጫት አስደረደሩ። የመጀመሪያው «እጅግ እስማማለሁ» ነው፣ ሁለተኛው «እስማማለሁ»፣ ሦስተኛው «እንጃ»፣ አራተኛው «አልስማማም»፣ አምስተኛው «እጅግ አልስማማም»። ለየተማሪው እፍኝ ሽምብራ ታደለ። ሊቀ ምክንያት ከወረቀት ያነባሉ፤ ተማሪው አንዲት ሽምብራ ከቅርጫቶቹ ወደ አንዱ ይጥላል። መናገር አይፈቀድም፣ ንግግር ጥናት ያበላሻል።

«ቅሉ ይጠቅመኛል!»

ጭቃ ሹም ቢተው ከመጀመሪያው ቅርጫት አጠገብ ቆመው እያንዳንዱን ልጅ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ሽምብራው እየተንጣጣ መጀመሪያው ቅርጫት ገባ።

«ቅሉን መጠቀም ቀላል ነው!»

«ለፍየል ቀላል ነው» አለች አንጓች በሹክሹክታ። ከጎኗ ያለው ሳቁን ሊያፍን ሲል ሽምብራውን ዋጠው።

«የማከብራቸው ሰዎች ቅሉን እንድጠቀም ይፈልጋሉ!»

ሁሉም ጭቃ ሹምን አየ። ሽምብራው ገባ።

ሲጨርሱ ሊቀ ምክንያት ቆጠሩ፣ ወረቀታቸው ላይ መስመር አሰመሩ፣ በየቤቱ ያለውን የከብት ብዛት ሳይቀር ጠየቁ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ድንቅ ነው! ፍየል የበዛለት ቤት ዶቃው ይበዛል። አንድ ፍየል ያላት አንጓች ከሁሉ ታንሳለች። እንግዲህ ምክንያቱ ሀብት ነው። ያለው ሰው ጥበብ ይወዳል!» ጸሐፊያቸው ጻፈ። «ሁለተኛው ግኝት፤ ቅሉ ይሄን ያህል ካስተማረ እዚህ መንደር መምህር ትርፍ ነው። መምህር ቢራራ ከነገ ጀምሮ ወደ ዋናው ከተማ ሄደው ዶቃ ያጥባሉ።»

መምህር ቢራራ ነጩን ድንጋይ እንደያዙ ቀሩ።

ደብሪቱ ተነሳች። አንጓች ቀሚሷን ያዘቻት፣ «ተይ! ዶቃችንን በሙሉ ያነጡብናል፣ አሥራ አንዳችንም አሸዋ ነን» አለቻት። አልሰማችም።

«ጌታዬ፣ እኛ ቅሉን አልሰማነውም።»

«እንዴት?»

«እዚህ ንፋስ የለም። አይናገርም። ሸንተረሩ ላይ ፍየሎቹ ናቸው የሰሙት፤ እኔ ነኝ ያሳሰርኩት። የተማርነውን የተማርነው ከመምህራችን ነው። እሳቸውን አይውሰዱብን። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጭቃ ሹም ቢተው ተንደርድረው መሐል ገቡ። «ልጅ ናት ጌታዬ! ቅሉን ከመውደዷ የተነሳ ትቃዣለች!»

ሊቀ ምክንያት ግን በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ደብሪቱን በደንብ ሰሟት። ወረቀታቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ገልብጠው አዩት። ከዚያ ተነስተው ከአምስቱ ቅርጫቶች ፊት ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው የእውነት አዝኖ፣ «የተናገርሽው ትልቅ ነገር ነው። ግን ቅርጫት የለውም።»

«ይሠራለት!»

«ቅርጫቶቹ የተሸመኑት ባሕር ማዶ ነው። እኔ የምጨምረው የለኝም። ባይኖረውም ለናንተ ይሻላል፤ ቢኖረው ኖሮ ዶቃችሁ ሁሉ ይነጣ ነበር።» ጎንበስ አሉና ከመሬት አንዲት ሽምብራ አንስተው ሦስተኛው ቅርጫት ውስጥ ጣሏት። «እንጃ» የሚለው ውስጥ።

መምህር ቢራራ በማግስቱ በሊቀ ምክንያት በቅሎ ኋላ እያነከሱ ሄዱ። ልጆቹ እስከ ሸለቆው አፍ ሸኟቸው። መምህሩ አልመከሩም፣ አልመረቁም። ደብሪቱን ብቻ ጠጋ ብለው «ጥቂት ከተቃጠለ ይገማል፣ ብዙ ከተቃጠለ ይነጣል» አሏት፣ የምትረሳው ይመስል።

ከዚያ በኋላ አለቱ ሥር ማንም አልመጣም። ለፈተናው ሁለት ወር ቀርቷል። ደብሪቱ ቅሏን ይዛ ሸንተረሩን ወጣች፤ አሁን እንኳ ልስማው ብላ። ንፋሱ ነካው። ቅሉ ነቃና «ጨርሰሻል፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለ። አንቀጠቀጠችው። «ጨርሰሻል፣ እንኳን ደስ ያለሽ።» ሌላ ቃል የለውም። አርባውም ለፍየል ተነግሮ አልቋል።

ያልተነገረ ነገር የቀረው በአንጓች ቅል ውስጥ ብቻ ነው። ዘጠኝ ትምህርት።

«ሕጉስ?» አለ አንዱ ልጅ። «ቅል ለአንድ ጆሮ ነው።»

«ፍየሏ ሁለት ጆሮ ነበራት፣ ማን ከሰሳት?» አለች አንጓች። «ተነሱ!»

አሥራ አንዱም ወጡ። በአንዱ ቅል ዙሪያ ራስ ለራስ ገጥመው ተቀመጡ። ቅሉ እየሮጠ ያወራል። አንጓች ሹም ቤት ስትሠራ የለቀመችው የቤተ መንግሥት ቋንቋ ነበራትና እየነጠቀች ትተረጉማለች። ያመለጣትን ደብሪቱ ትይዘዋለች፤ ደብሪቱ ያልገባትን ሌላው «እንዲህ ማለቱ ነው እኮ» ይላል፤ ይጨቃጨቃሉ፣ መሬት ላይ ይጽፋሉ፣ ይስቃሉ። ለብቻቸው የሰሙት ጊዜ ጩኸት የነበረው ነገር አብረው ሲሰሙት ትምህርት ሆነ። ድንጋይ ስለሚፈነቅል ማንሻ ተማሩ፣ ስለ ሰው ደም ዝውውር ተማሩ። በረዶ የሚባል ነገር ዳግመኛ አልተነሳም። ያኔ ሊቀ ምክንያት መጥተው ቅሉን ለምን ወደዳችሁት ብለው ቢጠይቁ የሚነግሯቸው ነበራቸው። ግን የሚጠናው ተጠንቶ አልቋል።

በሰባተኛው ቀን ቅሉ ሠላሳ ስምንተኛውን ትምህርት ሲናገር፣ በመሐል እንደ ዋዛ አንድ ነገር አለ። አንጓች መተርጎሟን አቆመች።

«ምን አለ?» አለች ደብሪቱ።

«ተይው።»

«አንጓች፣ ምን አለ?»

«‹አጥንት ለውሃ ማጣሪያ ምን ያህል እንደሚቃጠል በአሥራ ሰባተኛው ትምህርት እንደተናገርነው› አለ። ከዚያ አለፈ።»

አሥራ ሰባተኛው። እያንዳንዱ ልጅ የየቅሉን አንገት አየ። አሥራ ሰባተኛው ዶቃ በሁሉም ላይ ቀይ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ተነግሯል እዚያ ሸንተረር ላይ፣ በግልጽ፣ በቁጥር፣ አንድም ሳይጎድል። ፍየሎቹ አጠገባቸው ቅጠል ይቀነጥባሉ። ደብሪቱ አንዷን ፍየል ሄዳ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን አየቻት፤ ፍየሏ አመነዠከች።

«አይዞሽ» አለች አንጓች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ። «ትሻገሪያለሽ፣ እዚያ ትጠይቂያቸዋለሽ።»

የፈተናው ቀን ደረሰ። አሥራ አንዱም ቀይ አንገት ቅላቸውን አንጠልጥለው ድልድዩ አፍ ደረሱ፣ ዘብ ዶቃ ቆጥሮ አሳለፋቸው። በአሥራ አንድ በርጩማ ተቀመጡ። ጠረጴዛ ላይ የእንስራ ያህል ትልቅ ቅል ተቀምጧል። አጠገቡ አስፈታኟ አሉ፣ ድክም ያላቸው ጨዋ ሴትዮ።

«ዘንድሮ» አሉ፣ «ቅል ያስተማረውን ቅል ይጠይቃል። ጥያቄ ስትሰሙ ትመልሳላችሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል።»

ሌላም ሥርዓት ነበረ። በፈተና ቀን ንፋስ ይዘጋል። ድሮ አንድ ዓመት መልስ በንፋስ ተሰርቋል ተብሎ፣ ከዚያ ወዲህ አርባ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ትልልቅ ሸራ ወጥሮ ድልድዩን ዙሪያውን ይከልላል። ቅጠል አይነቃነቅም።

ትልቁ ቅል ዝም አለ። ልጆቹ ጠበቁ። ፀሐይዋ ከአናታቸው አለፈች። ደብሪቱ ተነሳች።

«እመቤቴ፣ ቅሉ ያለ ንፋስ አይናገርም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ንፋሱ ተዘግቷል።»

«ለናንተው ጥበቃ ነው።»

«ታዲያ ጥያቄውን እርስዎ ያንብቡልን።»

«እኔ አላውቀውም። ቢገባኝማ እዚህ ያስቀምጡኝ ነበር? ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ፀሐይ ጠለቀች። አስፈታኟ መዝገባቸውን ገልጠው ጻፉ፣ የጻፉትንም ጮክ ብለው አነበቡት። «ጠያቂው ተሰይሟል፤ ተፈታኞች አልመለሱም። አሥራ አንዱም ወድቀዋል።»

«አልጠየቀንም እኮ!» አለች አንጓች እያለቀሰች። «ዝም ነው ያለን!»

«ዝም ማለቱን ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል!»

«ለዝምታውስ ምን መለሳችሁ?»

ሌሎቹ ቅላቸውን አስረክበው ወደ አሸዋው መንገድ ተሰለፉ። ደብሪቱ ግን ቀረች። ከገደሉ ማዶ፣ በሸራው ክፍተት፣ አንድ ሰው ይታያታል። ሰማያዊ ሽርጥ አገልድሞ ገንዳ ያጥባል። የውሃ ቤት ሰው ነው።

«እመቤቴ፣ እሺ ወድቄያለሁ። አልሻገርም። ያንን ሰውዬ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው። አጥንት ስንት ሰዓት እንደሚቃጠል።»

«አንቺ መላሽ ነሽ፣ ልጄ። እዚህ የሚጠይቀው ቅሉ ነው።»

እሷ ግን ሮጠች። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማ በሙሉ ድምጿ ጮኸች። «አጥንት! ለውሃ! ስንት ሰዓት ይቃጠላል?» ሰውየው ቀና አለ። አያት። እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። ደግማ ጮኸች። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ ጆሮውን አሳያት፣ ከዚያ የተወጠረውን ሸራ አሳያት። ድምጿን የሚያሻግር ንፋስ አልነበረም። ጥቂት ቆሞ ሲያያት ቆየና ገንዳውን ይዞ ገባ።

ቤቷ ስትደርስ ላቀች ደጃፍ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«ምን ጠየቁሽ?»

«ምንም አልጠየቁኝም፣ እማ።»

«ታዲያ በምን ጣሉሽ?»

«ባለመመለስ።»

«አንቺስ ጠየቅሽልኝ?»

«ጠይቄያለሁ። አልተሰማም።»

የሊቀ ምክንያት ጥናት በዚያው ዓመት በትልቅ ድግስ ተነበበ። የሸለቆው መንደር «ቅል ወዳድ» የሚል ባንዲራ ተሸለመ፤ ንፋስ ስለሌለ ባንዲራው እንጨቱ ላይ ተጠቅልሎ ይኖራል። ለድሆች ቤት ሁሉ ፍየል ይታደል ተብሎም ታወጀ፣ ጥበብ እንዲወዱ። የታደለ ፍየል ግን አላየሁም።

ደብሪቱ ቀን አሸዋ ታወጣለች። ማታ ስትገባ ከየደጃፉ አጥንት ለቅማ ታቃጥላለች፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ ጨመር፣ ከነገ ወዲያ ቀነስ። አንዱ ይገማል፣ አንዱ ይነጣል። በየጊዜው እየቀዳች «ይሄኛውን ቅመሽልኝ፣ እማ» ትላለች። ላቀች ትቀምሳለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ «ይቀረዋል» ትላለች። አንድ ዓመት «ይቀረዋል» አለች። ሁለት ዓመት «ይቀረዋል» አለች።

መሐሉን በሦስተኛው ዓመት አገኘችው። ውሃው አይገማም፣ አይመርም። ሞልታ ቀዳችና ባዶ በቀረው በእናቷ መደብ ላይ አስቀመጠችው። የሚቀምስላት ስላልነበረ እስከ ጠዋት እንደሞላ አደረ።